ከገጽ ሁለት መቶ ስምንት ወዲያ

መጽሐፉን ተረክቦ ወደ መኪናው ከተመለሰ ሃያ ደቂቃ አልፎታል። ሞተሩን አስነስቶ፣ መጽሐፉን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል እንጂ ገና አልገለጠውም። ሽፋኑ ላይ ነጭ ወረቀት ታስሮበታል፤ በወረቀቱ ላይ መጽሐፉን በውሰት የላከው የሩቅ ዩኒቨርሲቲ ስም፣ የሚመለስበት ቀን፣ ከዚያ በታች ደግሞ በትልልቅ ፊደል የሱ ስም ሰፍሯል። ይመር አሜሪካ በኖረባቸው ሃያ ሰባት ዓመታት ስሙን ብዙ ወረቀት ላይ አይቶታል። መንጃ ፈቃድ ላይ አይቶታል፣ የሥራ ባጅ ላይ አይቶታል፣ አንድ ጊዜም ትርፍ አንጀቱን ሊያስወጣ ሲተኛ እጁ ላይ በታሰረለት ፕላስቲክ ላይ አይቶታል። እንደዛሬው አስፈርቶት ግን አያውቅም።

ቀኑ የመጋቢት ቅዳሜ ነው። ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ፣ የቤተ መጻሕፍቱ መኪና ማቆሚያ ጥግ ላይ የተቆለለው በረዶ ጠቁሮ እየቀለጠ ነው፤ ፀሐዩ ግን ለጃኬት እንኳ የማይመች ሞቅ ያለ ፀሐይ ነበር። የጥናት ክፍሉ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ በሱና በጓደኞቹ ስም ተይዟል። ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው።

መጽሐፉ «የአልጣሽ ደጃፍ» ይባላል። ደራሲው ስለሺ አንዳርጌ ይህችን አንዲት ልብወለድ አሳትሞ ከዚያ ወዲያ ዝም ያለ ሰው ነው። ይመርና ጓደኞቹ ደግሞ ላለፉት ሦስት ዓመታት፣ ማንም ሳያዛቸው ማንም ሳይከፍላቸው፣ በየቅዳሜው እየተሰበሰቡ በኢንተርኔቱ ኢንሳይክሎፒዲያ ላይ ስለ አማርኛ ልብወለዶች የተጻፉትን ጽሑፎች ያሻሽላሉ። ሲጀምሩ ስለዚህ መጽሐፍ እዚያ የተጻፈው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር። «የአልጣሽ ደጃፍ የአማርኛ ልብወለድ ነው» ይላል፤ አለቀ። አሁን አሥራ ስምንት አንቀጽ ሆኗል። ደራሲው የተወለደበት ቀበሌ አለ፣ ያተመው ማተሚያ ቤት አለ፣ በጊዜው የነበሩ ጋዜጦች ያሉት አለ፤ ሁሉም ከነምንጩ። ለሌላው ሰው ምንም አይደለም። ለአንድ የኤርፖርት ሻትል ሹፌር፣ ለአንዲት የአረጋውያን መጦሪያ ሠራተኛ፣ ለአንዲት የፋርማሲ ቴክኒሺያንና ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲጭን ለሚውል ጎልማሳ ግን ቀላል ነገር አልነበረም። አራቱም ይኮሩበታል፤ ኩራታቸውን የሚደብቁም ዓይነት ሰዎች አይደሉም።

የቀረው አንድ ነገር ነው። ሊዑል በሚል ስም የሚጽፍ፣ የት አገር እንደሚኖር እንኳ የማያውቁት ኮስታራ ገምጋሚ አለ። ጽሑፋቸው የጥራት ኮከብ እንዲሰጠው ሲያመለክቱ አንብቦ አመስግኖ ሲያበቃ እንዲህ ሲል ጻፈላቸው፦ «ኮከቡ ይገባችኋል። ነገር ግን የመጨረሻው ምዕራፍ ማጠቃለያ የገጽ ቁጥር የለውም። ከታተመው መጽሐፍ እስከ እሑድ ካላመጣችሁ ጥያቄውን እዘጋዋለሁ።»

ያንን ማጠቃለያ የጻፈው ይመር ነው። የገጽ ቁጥር ያላስቀመጠው ረስቶ አይደለም፤ ገጹ ስለሌለ ነው። የልብወለዱን መጨረሻ የፈጠረው ራሱ ይመር ነበር።

ወረቀቱን ፈታና መጽሐፉን ከኋላ በኩል ገለጠው። የመጨረሻው ገጽ ሁለት መቶ ሃያ አራት ይላል። ወደ ኋላ እየቆጠረ ሁለት መቶ ስምንት ላይ ደረሰ። እዚያ ያለውን በቃሉ ያውቀዋል፤ የገጹ የመጨረሻ መስመር «አልጣሽ ኩራዙን ከፍ አድርጋ ወደ ደጅ ወጣች፤ በሩ ሥር» ይልና ያቆማል። ይመር ለሃያ ዘጠኝ ዓመታት በሩ ሥር ምን እንደነበረ ሳያውቅ ኖሯል። ዓይኑን ወደ ቀጣዩ ገጽ አሻገረ።

በሩ ሥር አንድ በትር ተደግፎ ቆሟል ይላል ደራሲው። በትሩ የባሏ የሀብቱ ነው። ከሰባት ዓመት በኋላ ተመልሷል፤ ግን ሌላ አግብታ ይሆናል ብሎ ለመግባት አፍሮ፣ በትሩን በሩ ሥር አስደግፎ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። አልጣሽ በትሩን ታነሳለች፣ ትወጣለች፣ አጠገቡ ትቀመጣለች። ለብዙ ገጽ ሁለቱም ምንም አይናገሩም። በመጨረሻ እሷ «በሩ ተዘግቶ አያውቅም» ትለዋለች፣ ይገባሉ፣ መጽሐፉ ያልቃል።

ይመር አንብቦ ሲጨርስ መጀመሪያ የተሰማው ቅናት ነው። እግዜር ይቅር ይበለውና፣ በነዚህ ሁሉ ዓመታት የሱ መጨረሻ ከደራሲው ሳይሻል እንደማይቀር ለራሱ ሲነግረው ኖሮ ነበር። የደራሲው ግን ጥሩ ነበር፤ በጣም ጥሩ ነበር። ቅናቱ ሲበርድለት ሐፍረት ተከተለው።

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ሱዳን ውስጥ ከገዳሪፍ ወጣ ብሎ ባለው የስደተኞች ካምፕ ውስጥ፣ መጽሐፉን ያመጣው ዳኛቸው የሚባል አስተማሪ ነበር። ሽፋኑ ተገንጥሎ ወድቋል፤ የመጨረሻዎቹን አሥራ ስድስት ገጾች ደግሞ ዳኛቸው ድንበር እስኪሻገር ትንባሆ እየጠቀለለባቸው አጭሷቸዋል። «ከኋላ ነው የጀመርኩት» ብሎ ነበር ሲጠይቁት፣ ምንም ሳያፍር፤ «መጀመሪያው ያለው ሰው መጨረሻውን አያጣውም ብዬ።» ድምፁ ጥሩ ነው ተብሎ አንባቢ የተደረገው ይመር ነው። እህል ከሚታደልበት ዳስ ሥር፣ በቀትሩ ሙቀት ሰው ሁሉ ጥላ ሲፈልግ፣ ጮክ ብሎ ያነባል። የመጀመሪያው ቀን ሰባት ሰው ነበር የመጣው። በዘጠነኛው ቀን ከአርባ በላይ ሆኑ።

ገጾቹ እንደጎደሉ አንባቢውና አጫሹ ብቻ ያውቃሉ። እዚያ ሳንደርስ ሰዉ ይበተናል፣ ወይ ይሰለቻል ብሎ ነበር ይመር ያሰበው። ማንም አልተበተነም። ያ ዘጠነኛ ቀን ማክሰኞ ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ ከድንበር አዲስ ስደተኞችን የጫኑ መኪናዎች ይመጣሉ፤ ፈትለወርቅ የምትባል ወጣት ሴት ደግሞ መኪናዎቹ ሥር ቆማ የሚወርደውን ሰው ፊት አንድ በአንድ ታያለች። ባሏ ጣሰው «ሳምንት ሳይሞላ እደርስብሻለሁ» ብሏት ነበር። ሳምንቱ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆኗል። ወደ አሜሪካ ለመሄድ ስሟ ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ሁለቱንም ጊዜ ለቃለ መጠይቁ ሳትቀርብ ቀርታለች። ያን ቀንም ከመኪናዎቹ መልስ፣ አቧራዋን እንኳ ሳታራግፍ መጥታ ፊት ለፊቱ ቁጭ አለች።

ይመር «በሩ ሥር» የሚለው ላይ ሲደርስ ቀና አለ፤ ያየውም እሷን ነው። ዓይኑን ወደ ወረቀቱ መልሶ፣ የሚያነብ መስሎ፣ ያልተጻፈውን ይናገር ጀመር። በሩ ሥር ሰባት ዓመት ስትመላለስ የራሷ እግር ከቆፈረው መሬት በቀር ምንም የለም አለ። አልጣሽ መሬቱን አይታ ወደ ቤት ተመለሰች፤ ሲነጋ ቤቱን ቆለፈች፣ ቁልፉን ለጎረቤቷ ለምንትዋብ ሰጠች፣ መንገድ ገባች አለ። በዚያው ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን፣ ፈትለወርቅ ለቃለ መጠይቁ ቀረበች።

ከጣሰው ወዲህ ወሬ የለም። ሞቷል የሚል ሰው አልመጣም፤ አለ የሚልም አልመጣም። ፈትለወርቅ ዴንቨር ገባች፣ ሠራች፣ ግሪን ቫሊ ራንች የሚባለው ሰፈር ውስጥ ቤት ገዛች። ኮምፒውተር ነክታ የማታውቅ ሴት ወደ ቅዳሜው ቡድን የገባችውም በዚህ መጽሐፍ ምክንያት ነው። «ያቺ አልጣሽ ናት ከካምፕ ያወጣችኝ» ትላለች፣ ለጠየቃትም ላልጠየቃትም።

ይመር ገጽ ሁለት መቶ ዘጠኝን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ እንደያዘ ነው። አሥራ ስድስት ገጽ ማለት ስምንት ቅጠል ነው። ወረቀቱ አሮጌ ነው፤ ለመገንጠል ጉልበት አይጠይቅም። ይሄ ቅጂ ጎደሎ ነው ቢል ማን ይጠረጥረዋል? ይህን እያሰበ ሳለ የመኪናው መስኮት ተንኳኳ።

ፈትለወርቅ ናት። የጧት ፈረቃዋን ጨርሳ ሰማያዊ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች መጥታለች፤ በእጇ አንድ ከረጢት መንደሪን ይዛለች። ይመር መስኮቱን ዝቅ አደረገው።

«መጣ አይደል? ፊትህ ላይ አየሁት» አለችና እጇን ሰድዳ መጽሐፉን ወሰደች። ዘግታ ፊቱን አየች። «እንዴ! ሽፋን ነበረው ለካ። በሩን ሥለውታል እኮ።»

«ፈትለ፣ ስሚኝማ...»

«አሁን አትንገረኝ። ውስጥ ገብተን፣ ሁላችንም ባለንበት ታነበዋለህ። ፓርክ ያደረግከው ደግሞ የአካል ጉዳተኛ ቦታ ላይ ነው፤ ቲኬት ሳይሰጡህ አንሳው።» መጽሐፉን በክንዷ አቅፋ ወደ መግቢያው ሄደች። ይመር መኪናውን አንስቶ ሌላ ቦታ አቆመና ተከተላት፤ ከዚያ በኋላ ምንም የሚገነጠል ነገር በእጁ አልነበረም።

የጥናት ክፍሉ አንድ ግድግዳው መስታወት ነው። ሔለን ቀድማ ደርሳ ላፕቶፑን ከትልቁ ስክሪን ጋር አገናኝታዋለች። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ቡድኑን የጀመረችው እሷ ናት፣ ደንቡን ያወጣችውም እሷ ናት። ደንቡ አጭር ነው፤ አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ የገጽ ቁጥር ያረጋግጣል፤ የተሳሳተ ሰው ካለ ስህተቱን በገዛ እጁ ያርማል፣ ምክንያቱንም በውይይት ገጹ ላይ ይጽፋል። በዚህ ደንብ የሠላሳ አንድ ልብወለዶችን ጽሑፍ አቃንተዋል። እንዳልክ በበኩሉ ከመጋዘን ሥራው በቀጥታ ስለመጣ ጃኬቱን እንኳ አላወለቀም፤ ስለ አንዲት ነጠላ ቀን ሁለት ሳምንት የተከራከረ፣ በመጨረሻም ልክ ሆኖ የተገኘ ሰው ነው።

«ጋሽ ይመር!» አለች ሔለን ብድግ ብላ፤ «ይኸው በእርስዎ ስም መጣ። ሪክዌስት ሳደርግ በማንም ካርድ አይሆንም ያልኩት ለዚህ ነው። ሦስት ዓመት በቃልዎ ያስጻፉን መጽሐፍ በሌላ ሰው ስም አይመጣም።»

«ዛሬ ሊዑል ኮከቡን ይሰጠናል፤ በግድ!» አለ እንዳልክ።

መጽሐፉን ፈትለወርቅ ጠረጴዛው መሐል አስቀመጠችው። ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ አንድ መንደሪን መላጥ ጀመረች፣ ለመስማት ተዘጋጀች። ይመር አልተቀመጠም።

«ከማንበቤ በፊት የምናገረው አለኝ» አለ። «እኔ የጻፍኩት መጨረሻ መጽሐፉ ውስጥ የለም።»

ሔለን ቅንድቧን ሰበሰበች። «እትሙ ይለያያል ማለት ነው? የእርስዎ የመጀመሪያው እትም ሆኖ ይሄኛው ሁለተኛው ከሆነ፣ ችግር የለም እኮ፤ ሁለቱንም እንጠቅሳለን።»

መውጫ በር ሰጠችው፤ ያውም ሳታውቀው። ይመር ለአንድ አፍታ በሩን አየው። አዎ የእኔ ሌላ እትም ነበር ቢል እዚህ ክፍል ውስጥ የሚሞግተው የለም፤ ፈትለወርቅም አልጣሿን እንደያዘች ትቀራለች።

«እትሙ አንድ ነው» አለ። «ካምፕ የነበረን ቅጂ ከገጽ ሁለት መቶ ስምንት ወዲያ አልነበረውም። መጨረሻውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ።»

እንዳልክ ሳቀ። የሚስቀው ብቻውን መሆኑን ሲያይ ግን አቆመ። «ጋሽ ይመር፣ ምን ማለትዎ ነው? እናቴ እኮ ነች የነገረችኝ! አልጣሽ ቁልፉን ለምንትዋብ ሰጥታ ሄደች። ልጅ ሆኜ እንቅልፍ ሲያስቸግረኝ የምትነግረኝ እሱን ነው።»

«እናትህ የት ነበር የሰማችው?»

«ከሰላ። ከሰላ ካምፕ እያለች።»

ከሰላ ድረስ ደርሷል። ይመር በዚህ ሰዓት መኩራት እንደሌለበት ያውቃል፤ ቢሆንም ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ሞቅ አለው፣ በራሱም ተናደደ።

«እኔ ግን ምን ላድርግ?» አለች ሔለን፤ ድምፅዋ ቀጥኗል። «ሊዑልን ሦስት ጊዜ ሪፕላይ አድርጌለታለሁ። ‹አባላችን መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ያውቀዋል› ብዬ በስሜ ጽፌለታለሁ፤ እዚያው ውይይት ገጹ ላይ አለ። እንዲህ ዓይነት ነገር ከሌላ ሰው ቢመጣ አይገርመኝም። ከእርስዎ ግን...» አልጨረሰችውም።

«ልክ ነሽ» አላት ይመር።

እንዳልክ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ። «እኔ የምለው፣ እንዳለ ብንተወውስ? ሰው ሁሉ የሚያውቀው እሱን ነው። አሥር ሺህ ሰው እንዲህ ነው የሰማው።»

«እኛ የምንጽፈው መጽሐፉ የሚለውን ነው» አለች ሔለን፤ ተቆጥታም ቢሆን ደንቧን አልለቀቀችም።

ፈትለወርቅ መንደሪኑን ልጣ ጨርሳ፣ ፈልቅቃ፣ ፍሬዎቹን በሶፍት ላይ ደርድራቸዋለች፤ አልበላቻቸውም። «መጽሐፉስ ምን ይላል?» አለች።

ይመር መጽሐፉን አንስቶ አነበበ። አሥራ ስድስቱን ገጽ ቆሞ ነው ያነበበው። ድምፁ እንደ ወጣትነቱ አይደለም፤ ሁለት ቦታ ላይ አቋርጦ ውኃ ጠጣ። አልጣሽ በትሩን ስታነሳ እንዳልክ ባርኔጣውን አወለቀ። ሔለን የገጾቹን ቁጥር መመዝገብ ጀምራ፣ መሐል ላይ ተወችው። በመስታወቱ ወዲያ መጽሐፍ የሚመልሱ ሰዎች ይመላለሳሉ፤ እዚህ ክፍል ውስጥ ግን አንዲት ሴት ከሰባት ዓመት በኋላ ከባሏ ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች።

«መጣ» አለች ፈትለወርቅ፣ ሲያበቃ።

«መጣ» አለ ይመር።

«ጎሽ። እሷስ የልቧ ሞላላት።» መነጽሯን አውልቃ በልብሷ ጫፍ ጠረገችው፤ መልሳ አደረገችው። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ደራሲው ባሏን መልሶላታል። አንተ ለምን ከለከልካት?»

እንዲሁ መጣልኝ ማለት ይቻል ነበር። ግማሹን ተናዝዟል፤ ማንም ግማሹ ቀርቷል አላለውም። ይመር ግን መኪናው ውስጥ ሊገነጥል የያዘውን ወረቀት አሰበና በራሱ አፈረ። ከዚህ በኋላ በሌላ ትንሽ ውሸት ውስጥ መኖር እንደማይችል ገባው።

«ማክሰኞ ነበር» አለ። «ከመኪናዎቹ መልስ ነው የመጣሽው። አቧራሽን አላራገፍሽም ነበር። ገጹ ሲያልቅብኝ ቀና ብዬ አንቺን አየሁ። ለሌሎቹ አይደለም የፈጠርኩት፤ ላንቺ ነው። ከዚያ ከመኪናዎቹ ሥር እንድትነሺ ፈልጌ ነው።»

ፈትለወርቅ ፊቷ ቀላ፤ ይመር በሃያ ዘጠኝ ዓመት ትውውቅ እንዲህ ስትሆን አይቷት አያውቅም።

«ማን ፈቀደልህ?»

«ማንም።»

«ጣሰው በሚቀጥለው ማክሰኞ መጥቶ ቢሆንስ?»

«እሱን ሳስብ ነው የኖርኩት» አለ ይመር፤ እውነቱንም ነበር።

ተነስታ ወደ መስታወቱ ሄደች። ጀርባዋን ሰጥታቸው ቆመች። ሔለን ልትከተላት ስትነሳ እንዳልክ በዓይኑ ከለከላት። ይመር የሰማያዊ ልብሷን ትከሻ እያየ፣ አሁን ዞራ ከንግዲህ ዓይንህን እንዳላይ ብትለኝ ልክ ናት፣ ጃኬቴን ይዤ እወጣለሁ ብሎ ወሰነ። ከወንበሩ ጀርባ ላይ ጃኬቱን አነሳው እንኳ።

ፈትለወርቅ ዞረች። አላለቀሰችም። ቀጥ ብላ ቆማለች፤ መጦሪያው ውስጥ አዲስ ሠራተኛ ስታሠለጥን የምትቆመው እንዲህ ነው ይላሉ የሚያውቋት።

«ስማ ይመር። ማክሰኞ ሰማሁ። ረቡዕን ቀኑን ሙሉ ሳስብ ዋልኩ፤ እህል አልቀመስኩም። ሐሙስ የሄድኩት በገዛ እግሬ ነው። አርባ ሰው ሰምቶታል፤ ከአርባው በዚያ ሳምንት ተነስቶ የሄደ አለ? እኔ ነኝ የሄድኩት። ሲጠይቁኝ ‹ባልሽ የት ነው› አሉኝ፤ ‹አላውቅም› ብዬ በአፌ ተናገርኩ። ያን ቀን ያንን ቃል ማውጣት ምን እንደሚያህል አንተ አታውቀውም። እስከ ዛሬ አልጣሽ አወጣችኝ ስል ኖርኩ። ዛሬ እሷ እንዳልሆነች ነገርከኝ። አንተም አይደለህም፤ እንዳይመስልህ። ያንን አትውሰድብኝ።»

«አልወስድም» አለ ይመር።

«ጃኬቱን አስቀምጥ። ሥራ አለብን።»

ጃኬቱን አስቀመጠ። ደንቡ ደንብ ነውና ሔለን ተነስታ ወንበሯን ለቀቀችለት፤ ኩርፊያዋ ገና ከፊቷ ባይጠፋም ላፕቶፑን በደንብ ወደሱ አዞረችለት። ይመር የራሱን አንቀጽ ከላይ እስከ ታች መረጠው፤ ስክሪኑ ላይ በሰማያዊ ተሸፈነ።

«ቆይ» አለች ፈትለወርቅ። ጎንበስ ብላ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አንዴ አነበበችው፤ ቁልፉን፣ ጎረቤቷን፣ መንገዱን። «በል አጥፋው።»

አጠፋው። በቦታው የስለሺ አንዳርጌን መጨረሻ በራሱ ዐረፍተ ነገሮች ጻፈ፤ ስምንት መስመር ወጣው። እንዳልክ መጽሐፉን ይዞ «በትሩ፣ ሁለት መቶ ዘጠኝ፤ ድንጋዩ ላይ፣ ሁለት መቶ አሥራ አንድ፤ የሚገቡት፣ ሁለት መቶ ሃያ አራት» እያለ ቁጥሩን ጠራ። ሔለን አንድ ቃል አስተካከለችለት፣ ቀጥላም ሳያስበው ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። ጥሩ አንቀጽ ነበር። በሃያ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከራሱ ሥራ ጋር ሰላም እንደሆነ ተሰማው።

የቀረው ምክንያቱን መጻፍ ነው። የውይይት ገጹን ከፍቶ «የቀድሞው ማጠቃለያ ከመጽሐፉ የተወሰደ ስላልሆነ፣ በጻፈው ሰው በይመር ተሰርዟል» ብሎ ጻፈ።

«ይሄ ብቻ?» አለች ፈትለወርቅ።

«ሌላ ምን ይባላል?»

«ያ ሊዑል የምትሉት ሰውዬ ‹ታዲያ ከየት መጣ› ቢልስ? ምንጭ ጥቀስ፣ ምንጭ ጥቀስ እየተባባላችሁ አይደል የምትውሉት? ጻፍ።» ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠችና እሱ እንዲደርስባት ቀስ እያለች ተናገረች። «ያ መጨረሻ በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ገዳሪፍ አጠገብ ባለው ካምፕ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ለአንዲት ሴት የተነገረ ነው።»

ይመር በሁለት ጣቱ እየለቀመ ጻፈ።

«እሷም ሐሙስ ሄደች በል።»

ጻፈ።

«ስሟንም ጻፍ።»

ይመር እጁን ከፊደሎቹ ላይ አነሳ። ሔለን ቀድማው «እትዬ ፈትለ፣ ፐብሊክ ነው እኮ» አለች በለሆሳስ፤ «ማንም ሰው፣ የትም አገር ሆኖ፣ ስምዎን ሰርች ቢያደርግ ያየዋል።»

«ይየዋ። እኔ የተደበቅኩበት ነገር የለም። ከነአባቴ ጻፈው።»

ፈትለወርቅ አየነው ብሎ ጻፈ። ስክሪኑ ላይ ትልቅ ሆኖ ወጣ። እሷም ዓይኗን ከስሙ ላይ አላነሳችም።

«ዴንቨር ብለህ ጨምርበት» አለች። «የፈለገኝ ሰው የት እንዳለሁ ይወቅ።»

ይመር ጨመረበት። ፈትለወርቅ መነጽሯን ገፋ አድርጋ ፊደሎቹን አንድ በአንድ መረመረቻቸው፤ ከዚያ በሱ ክንድ ላይ እጇን አሳልፋ «አስቀምጥ» የሚለውን ራሷ ተጫነችው።